ውርጩ እስኪያልፍ

የኪያር ዘር ፓኬት ጀርባ ላይ ያለች አንዲት ዓረፍተ ነገር እንቅልፍ ነሳችኝ። «የመጨረሻው ውርጭ ካለፈ በኋላ፣ ከሜይ አጋማሽ ጀምሮ ይዝሩ» ትላለች። ፓኬቱን የገዛሁት አዳማ ነው። የምዘራውም አዳማ፣ ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ ልብስ ማስጫው ሽቦ ሥር ባለችው ቁራጭ መሬት ላይ ነው። ታዲያ የመጨረሻው ውርጭ እንዲያልፍ መጀመሪያ የመጀመሪያው መምጣት አልነበረበትም?

ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ይተወው ነበር። መመሪያ እንደሆነ እኛ ዘንድ የሚነበበው ዕቃው ከተበላሸ በኋላ ነው፤ ያውም ዋስትና ይኖረው እንደሆነ ለማየት። እኔ ግን ቀድሜ አነበብኩት፤ ካነበብኩት ወዲያ መተው አቃተኝ።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው።

«ጋሼ፣ አዳማ ላይ ውርጭ የወረደበትን ጊዜ ያስታውሳሉ?»

«ምን ሊያደርግልህ?»

«ኪያር ልዘራ።»

«ለኪያር ውርጭ ያስፈልገዋል እንዴ?»

«አያስፈልገውም። ማለፍ አለበት።»

ትንሽ ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ በክፍል ድምፃቸው፣ አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ እንደምትገኝ፣ በመጽሐፉ አከፋፈል ወይና ደጋ እንደሆነች፣ ውርጭ ካማረኝ አሰላን አልፌ ወደ ጭላሎ መውጣት እንዳለብኝ፣ እሱም በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት እንደሆነ አስረዱኝ። «ወይና ደጋ» ሲሉ ላባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ነበር።

ነገሩ የገባኝ ፓኬቱ ከሆላንድ እንደመጣ ሳይ ነው። እዚያና በአካባቢው ባሉ አገሮች ከሜይ 11 እስከ 14 የሚውሉ ቅዱሳን አሉ፤ ማሜርቱስ፣ ፓንክራስ፣ ሰርቫስ፣ ቦኒፋስ። «የበረዶ ቅዱሳን» ይሏቸዋል። በዓላቸው ሳያልፍ ኪያርም ሆነ ቲማቲም ደጅ አይተከልም፤ አንድ የመጨረሻ ውርጭ ይዘው ይመጣሉ ተብሎ ይፈራል። በእኛ አቆጣጠር ይህ ከግንቦት 3 እስከ 6 መሆኑ ነው። አሁን አስቡት። ግንቦት 1 ልደታ ናት። ሰፈሩ ሁሉ ደጅ ወጥቶ፣ ዛፍ ጥላ ፈልጎ፣ ንፍሮ ቀቅሎ፣ ቡና አፍልቶ በካርቶን ክዳን ሲያራግብ ይውላል። በሦስተኛው ቀን የሆላንድ ቅዱሳን በረዷቸውን ይዘው ከች ይላሉ። ንፍሯችን እንኳ ገና ሳይበርድ!

ሆላንዶች አገራችንን አያውቁትም እንዳይባል፣ አብጠርጥረው ያውቁታል። በ1954 እ.ኤ.አ. ስኳር ማምረት የጀመረውን የወንጂ ፋብሪካ የተከለው ኤች ቪ ኤ የሚባለው የእነሱ ኩባንያ ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ደግሞ ባቱ፣ በድሮዋ ዝዋይ፣ ሐይቁ ዳር የጽጌረዳ ፕላስቲክ ቤት የዘረጉት የእነሱው ባለሀብቶች ናቸው። ሸንኮራ አገዳ ውርጭ ባለበት አይለማም። ጽጌረዳውም እዚያ አገር ማሞቂያ ይለኮስለታል፤ ባቱ ላይ ፀሐይ በነፃ ታሞቀዋለች። ስለዚህ ወደኛ ካመጧቸው ነገሮች አንዱ የውርጭ አለመኖር ነው ማለት ይቻላል። የቀረው ለኪያር ዘር ፓኬታቸው መንገር ነበር።

እዚህ ላይ ሳቄ ያልቃል። ፓኬቱን የጻፈው ሰው ለአገሩ ሰው ነው የጻፈው፤ አልፈርድበትም። የሚያንገበግበኝ እዚህ ተቀብሎ የሚሸጠው ነው። ዘሩን ከነሜዩ ከነውርጩ ተረክቦ በራሱ እጅ የጨመረው ነገር ቢኖር የዋጋ ወረቀት ብቻ ነው። እሷንም የለጠፋት የዘሩ ማብቂያ ቀን ላይ ነው፤ በጥፍሬ ስልጣት ቀኑም አብሯት ተላጠ። አንድ መስመር አማርኛ፣ አንድ መስመር ኦሮምኛ ለመጻፍ ስንት ቀለም ይፈጃል? ከአዳማ 17 ኪሎ ሜትር ላይ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስምጥ ሸለቆን አትክልት ሲያጠና የኖረ የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ የሚጠየቅ ሰው አልጠፋም። «አዳማ ሬድ» የሚባል ሽንኩርት፣ «መልካ ሾላ» የሚባል ቲማቲም ያለን ሰዎች ነን። ሽንኩርታችን በከተማችን ስም እየተጠራ፣ ኪያራችን የሰው አገር ብርድ ደጅ ሊጠና ነው? እኔስ ለሰላጣ ነው። መቂ ላይ መሬት ተኮናትሮ፣ ለውሃ ፓምፑ ነዳጅ በብድር ገዝቶ ያንን ጽሑፍ ያመነ ገበሬ ማንን ይክሰስ? ይህ መዘንጋት አይደለም፣ ንቀት ነው።

በሉ ይሁን። በፓኬቱ ብንሄድ ምን እንደሚሆን ግን ልንገራችሁ። ኪያር ከተዘራ ከ50 እስከ 70 ቀን ውስጥ ይደርሳል። ግንቦት አጋማሽ የተዘራው ፍሬ ሊይዝ ሲል ሐምሌ ይገባል፤ ዝናብ፣ ደመና፣ ውሎ የማይደርቅ ቅጠል። መጀመሪያ ቢጫ ጠቃጠቆ፣ ቀጥሎ በቅጠሉ ሆድ ሻጋታ፣ ቀጥሎ ባዶ ሐረግ።

ዘሩ አፈሩ ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነበት መብቀል ይቸግረዋል፤ 25 ካገኘ ግን በሳምንት ውስጥ ብቅ ይላል። ስለዚህ እዚህ ሁለት ጊዜ አለን። ወይ መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያባራ ዘርቶ የታኅሣሥ ሌሊት ሳይከብድ መልቀም ነው፤ ወይ ጥር መጨረሻ፣ ብርዱ ሲሰበር ዘርቶ ለሁዳዴ መጨረሻ ማድረስ። እኔ ለመስከረሙ አደላለሁ። የጥሩን ነፋስ ታውቁታላችሁ፤ ከከተማው በላይ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩትን ማማዎች የሚያሽከረክረው እሱ ነው። የእኔ ሐረግ ሜጋ ዋት አይወጣውም፤ ይቆረጣል። ሌላው ውሃ ነው። ኪያር 95 በመቶው ውሃ ነው፤ ሲጠማ ደግሞ ይመራል። ቧንቧችን በፈረቃ ነው፤ ሌሊት ሲመጣ መጀመሪያ ጀሪካን፣ ቀጥሎ በርሜል፣ ቀጥሎ ልብስ፤ ለኪያር ተራው ሲደርስ ቧንቧው ማፏጨት ጀምሯል። ባለቤቴ «ውሃውን እንዲሁ ብንጠጣውስ?» ትላለች። መልስ አላገኘሁላትም።

ደግሞ ዘርታችሁ አበባ ላይ የደረሳችሁ ካላችሁ አንድ አደራ አለኝ። የመጀመሪያዎቹ አበቦች ቢረግፉ ተናዳችሁ እንዳትነቅሉት። እነሱ ወንዴዎች ናቸው፤ ቀድመው ይመጣሉ፣ ፍሬም አይይዙም። ሴቴዋ ዘግይታ፣ ከሥሯ ትንሽ ኪያር ይዛ ነው የምትመጣው። ንብ በምትሠራበት በጠዋቱ ሰዓት ፀረ ተባይ አትርጩባት።