የቮልስ ምትክ፦ መጠነኛ ጥናት

የዚህ ጥናት ዓላማ እ.ኤ.አ. በ1971 የተሠራች፣ ቀለሟ በሊብሬው ላይ ሰማያዊ፣ ፀሐይ ላይ ስትቆም ግን አከራካሪ የሆነች አንዲት ቮልስ በምን ልትተካ እንደምትችል መመርመር ነው። ናሙናው አንድ መኪና፣ አንድ ቤተሰብና አንድ አቀበት ነው። ናሙናው ጠበበ የሚል ተቺ ካለ አቀበቱን አላየውም። ጥናቱ በሁለት ወር ያልቃል ተብሎ ሦስት ዓመት ፈጅቷል፤ የዘገየው መረጃ ጠፍቶ ሳይሆን መረጃ ሰጪዎቹ በተጠየቁ ቁጥር እየተኳረፉ ነው።

በቅድሚያ ቃሉን እናፍታታው። አማርኛ ተናጋሪ ስለ ምትክ ያካበተውን ዕውቀት ያስቀመጠው በመጽሐፍ ሳይሆን በሰው ስም ነው። ልጅ የሞተበት ቤት ሌላ ሲወለድለት ምትኩ ይላል፣ ተካ ይላል፣ ካሳ ይላል፣ ካሳሁን ይላል፣ ማስረሻ ይላል። ስሞቹ አንድ ላይ ተደርድረው ሲታዩ አንድም ስለ ተወለደው ልጅ የሚናገር የለም። ምትኩ የተባለ ሰው ዕድሜ ልኩን ሲጠራ የሚነሳው ሌላ ሰው ነው። የማስረሻ ሥራ ከሁሉም ይከብዳል፤ እንዲያስረሳ የተወለደለትን ነገር ስሙ በተጠራ ቁጥር ያስታውሳል። ነጥቡ እዚህ የገባው እናታችን አዲሷ መኪና ሳትገዛ ስም አውጥታላት ስለነበር ነው።

ስለ ተሰናባቿ ዳራ ጥቂት። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነው፣ ሻንጣ የሚገባው ከፊት ነው፣ ራዲያተር የላትም፣ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው። የፊት መስታወት የምታጥብበትን ውኃ የሚገፋላት ፓምፕ ሳይሆን የመለዋወጫ ጎማዋ ትርፍ አየር ነው። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ የመጨረሻዋ ከሜክሲኮዋ ፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ነበር። ይህን አባታችን በሬዲዮ ሲሰሙ ተነሥተው ወደ ግቢው ወጡ፤ ኮፈኗን በጨርቅ ወልውለው ተመለሱ። ምንም አላሉም።

ሆኖም አባታችን ለቮልስ የሚሰጡት ክብር መሠረቱ ምሕንድስና ሳይሆን ታሪክ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ከቤተ መንግሥት ወጥተው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስ ነው። ጋራዣቸው ውስጥ ሮልስ ሮይስ ነበር። ከሮልስ ወደ ቮልስ በፊደል ሲቆጠር አንድ ፊደል ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ አብዮቱ መንስኤ ብዙ ጽፈዋል፤ ቮልስ ባለ ሁለት በር በመሆኗ ከኋላ ለመቀመጥ የፊት ወንበሩ መታጠፍ፣ ገቢውም ጎንበስ ማለት እንዳለበት ግን የሚገባውን ያህል አላተኮሩበትም። አባታችን ያተኩራሉ። ከኋላ የተቀመጠ እንግዳ «ትንሽ ጠበበ» ካለ «ለማን ያልጠበበ?» ይሉታል።

ወደ ዘዴው እንግባ። የቤተሰቡ አባላት በየተራ እየተጠሩ አዲሷ መኪና ምን እንድታሟላ እንደሚፈልጉ ተጠየቁ። አጥኚው የጠበቀው ስለ ነዳጅ ፍጆታ፣ ስለ መለዋወጫ፣ ስለ ዋጋ ነበር። የተገኘው የአሮጌዋ ሕመሞች ዝርዝር ነው። እህቴ ከራሷ በቀር ማንም ሊከፍተው የማይችል በር ፈለገች፤ የቮልሷ የቀኝ በር ወደ ላይ እየተሳበ፣ በጉልበት እየተገፋ፣ ትንሽ እየተለመነ ነው የሚከፈተው። አጎቴ ወለሉ ላይ መንገዱ የሚታይበት ቦታ መኖሩን እንደ ጉድለት አላየውም፤ «ዝናብ ሲገባ ይወጣበታል» አለ። አባታችን በግፊያ የማይነሳ መኪና ቤታቸው እንደማይገባ አስታወቁ።

እናታችን ግን ያቀረበችው መስፈርት አጥኚውን ለአንድ ወር ሥራ አስፈትቶታል። «ከመታጠፊያው የምትሰማ ትሁን» አለች። ነገሩ በቦታው ሲጠና እንዲህ ሆኖ ተገኘ። ቮልሷ ከመታጠፊያው እስከ በራችን ያለውን አቀበት በአንደኛ ማርሽ ስትወጣ አራት ደቂቃ ይፈጅባታል። ድምፅዋ እንደተሰማ ሽሮው ይጣዳል፣ ውሻው ይነሣል፣ ያልተሠራ የቤት ሥራ ይሠራል፣ ስልክ የያዘ ያስቀምጣል። ለሠላሳ ዓመት የዚህ ቤት አስተዳደር የቆመው በእነዚህ አራት ደቂቃዎች ላይ ነው። ማርሚታዋ አንድ ጊዜ ተጠግኖ ድምፅዋ በቀነሰበት ሳምንት ሦስት ሰው በሦስት የተለያየ ጥፋት እጅ ከፍንጅ ተይዟል።

ስለ አቀበቱም መነገር አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተቀመጠችው፤ የኛ ሰፈር ፈረንሳይ ለጋሲዮን ከመሀል ከተማው ሽቅብ ነው። ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል፤ አየር ሲሳሳ ካርቡራቶር ያለው ሞተር የሚተነፍሰው ያጥረውና ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ቮልሳችን ከፋብሪካ ስትወጣ 44 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ሩቡ 11 ፈረስ ነው። ፈረሶቹ የት እንደቀሩ አልተረጋገጠም። ከቤታችን ቁልቁል ጃንሜዳ ስላለ፣ ጃንሜዳ ደግሞ በፈረስ ውድድር የታወቀ ስለሆነ፣ አጥኚው የራሱ ጥርጣሬ አለው። ጉድለቱ የሚሟላው በሰው ነው፤ አቀበቱ አጋማሽ ላይ አንድ ተሳፋሪ ይወርዳል። ማን እንደሚወርድ የሚወሰነው በዕድሜ ነው፤ ትንሹ ይወርዳል። አጥኚው ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ትንሹ ነበር።

አሁን ዕጩዎቹ። ቪትዝ በመጀመሪያው ስብሰባ በአምስት ደቂቃ ወደቀች፤ «የሁሉም ሰው መኪና ናት» ተባለ። ቀጥላ የቀረበችው ኮሮላ ዲኤክስ ነበረች። የዲኤክስ ትውልድ እ.ኤ.አ. በ1979 ተጀምሮ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያበቃ ነው፤ ስለዚህ ቤታችን ውስጥ እንደ ወጣት ነው የታየችው። አዲስ አበባ ላይ ዕቃ ሲያረጅ ይረክሳል የሚለው ሕግ መኪና በር ላይ ሲደርስ ይቆማል። ይህ ያለ ምክንያት አይደለም። የ1186/2012 የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ የሚገባ መኪና ባረጀ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አደረገ፤ በ2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ውጭ ያለው መግባት ሲያቅተው ውስጥ ያለው ተኮፈሰ። ባለ ዲኤክሱ ዋጋውን ሲናገር ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ደላላው ለብቻው ጥናት የሚገባው ምሁር ነው። ያመጣልን መኪኖች ሁሉ ቀደም ሲል የያዘቻቸው አንዲት ሴት ነበረች፤ ሴትዮዋ ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ትነዳለች፣ ወይ ሐኪም ናት ወይ ልጆቿ ውጭ ናቸው። አጥኚው እንደሚያምነው አንድ ሴት ናት፤ ከተማዋ ውስጥ ያለውን ያገለገለ መኪና ሁሉ ነድታለች። ደላላው ዲኤክሷን ሲያሞግስ «አባባ፣ ይቺ ምንም አትፈልግም፤ ቤንዚን ብቻ» አለ። አባታችን መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞሯት። «ምንም የማትፈልግ ከሆነ» አሉ፣ «እኔ ቅዳሜ ምን ልሠራ ነው?» ዲኤክስም በዚሁ ወደቀች።

ቅዳሜ የጋራዥ ቀን ነው። የቮልሷ መካኒክ ከአባታችን በዕድሜ ብዙም የማያንስ ሰው ሲሆን ዕቃ ሲያስፈልገው ሶማሌ ተራ ይልካቸዋል። ሶማሌ ተራ ከጠፋ ስፖኪዮ ጋር የመገናኘት ዕድል ከፍተኛ የሆነበት ቦታ ነው፤ አባታችን አንዱን ስፖኪዮ ሁለት ጊዜ ገዝተውታል፤ ሁለተኛውን ጊዜ ጭረቱን አይተው በቅናሽ። ስለ ምትክ ፍለጋው ለመካኒኩ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነበር። ሰምቶ ነበር። እጁን በጨርቅ እየጠረገ «መቼ ነው ቀኑ?» ብቻ አለ።

ቀረ ኤሌክትሪክ። እዚህ ላይ አጥኚው አንድ ክርክር አቅርቦ ሊረታ ተቃርቦ ነበር። በአሁኑ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ በብዛት ከሚታዩት የኤሌክትሪክ መኪኖች አንዱ አይዲ 4 የዚያው የቮልስ ኩባንያ ሥራ ነው፤ ያገራችን ሰው የሚያገኘው በቻይና በኩል ነው እንጂ። መደበኛው አይዲ 4 ሞተሩ ከኋላ ነው፣ የሚገፋውም የኋላ ጎማውን ነው፣ ራሱም እንደ ቮልስ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ሰው የሚያጫውት መልክ ባይኖረው እንኳ የአጥንት ዝምድና አለው። ሰባት ቤት ሳይቆጠር ዘመድ ነው። አባታችን አዳምጠው «ኪሎው ስንት ነው?» አሉ። ሁለት ሺህ ኪሎ ገደማ ነው አልኳቸው። ቮልስ ከ800 ብዙም አትርቅም። «ታዲያ ይሄን ማን ይገፋዋል?» አሉ፤ ስብሰባው ተበተነ።

በመጨረሻ የተገዛችው ሌላ፣ ከአይዲ 4 አነስ ያለች ቻይና ሠራሽ የኤሌክትሪክ መኪና ናት። የወሰነው ጥናቱ አይደለም፤ ውጭ ያለው ወንድሜ ነው፤ ገንዘቡን ላከ። እናታችን ያወጣችላት ስም ማስረሻ ነበር። አባታችን ደግሞ «እንግዳዋ» ይሏታል። ከስምንት ወር በኋላም እንግዳዋ ናት፤ ግቢው ውስጥም የምትቆመው በእንግዳ ቦታ፣ በሩ አጠገብ ነው። ዋናውን ቦታ ቮልሷ አለቀቀችም። የቻርጅ ገመዱ ከቤት ወጥቶ በቮልሷ ጣሪያ ላይ አልፎ ነው እንግዳዋ ጋ የሚደርሰው።

ለፍትሕ ሲባል መልካም ጎኗም ይመዝገብ። የኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም፤ ስለዚህ አየር ሳሳ አልሳሳ ግድ የለውም፤ አቀበቱን ስትወጣ 11ዱም ፈረሶች አብረዋት አሉ። ማንም አይወርድም። አራት ደቂቃው አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ጉዳቱም ከዚሁ የመጣ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አባታችን በር ላይ ቆመው ክላክስ እስኪያደርጉ ድረስ መድረሳቸውን ያወቀ አልነበረም። እናታችን ደንግጣ «እንደ ሌባ ገቡ እኮ!» አለች፤ ሽሮው ገና ዱቄት ነበር። ውሻው ነገሩን እስካሁን አልተቀበለም፤ የሚነሣው ጎረቤት ያለው ሚኒባስ ሲመጣ ነው። መብራት ሲሄድ ደግሞ አባታችን በረንዳ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። «ማደያ ሰልፍ ላይ ቢያንስ ሰው ይገኝ ነበር» ይላሉ።

ጥናቱ እዚህ ላይ ሊዘጋ ነበር። ባለፈው ወር ግን የእህቴ ልጅ የእንግዳዋን በር በደንብ ሳይዘጋው አድሮ፣ ጠዋት ላይ መኪናዋ ዝም አለች። የኤሌክትሪክ መኪና ሆዷ ውስጥ ቤት ሙሉ መብራት የሚያበራ ባትሪ ተሸክማ ሳለ፣ ያንን የሚቀሰቅሰው ከፊት ያለ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው። ትንሹ ከሞተ ትልቁን የሚጠራው የለም። ለአባታችን ነገሩን በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዳኋቸው። ጋቢያቸውን አስቀመጡ።

ቮልሷ ባለ 12 ቮልት ናት። ራሷም አልተነሣችም፤ ይህ ግን በዚህ ቤት ዜና አይደለም። እኔ፣ አጎቴና የእህቴ ልጅ ከኋላ ሆነን ገፋናት፤ አፍንጫዋ ሁልጊዜም ወደ ቁልቁለቱ ስለሆነ ሦስት እርምጃ አልፈጀብንም፤ አባታችን በሁለተኛ ማርሽ ለቀቋት፣ አንኳኳች፣ ሰፈሩን አስነሣች። ትንሽ እንድትሞላ እስከ ጃንሜዳ ወርዳ ተመለሰች። ከመታጠፊያው ስትሰማ እናታችን ሽሮ ጣደች፤ ጊዜው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነበር። የቮልስ ባትሪ ያለው ከኋላ መቀመጫው ሥር ነው። አባታችን የፊቱን ወንበር አጥፈው፣ ጎንበስ ብለው ገቡና መቀመጫውን አነሡ፤ ኬብሉ ተሰካ፤ የእንግዳዋ መብራቶች አንድ በአንድ በሩ።

ኬብሉን ጠቅለው ቮልሷን ቦታዋ መለሷት፣ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እንግዳዋንም አዙራት።»

ኤሌክትሪክ መኪና በግፊያ እንደማትነሣ ነገርኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ፤ «አዙራት።»