የጓሮ ክሮም ማስለቀቅን ለመገደብ የወጣ አዋጅ

ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

የአሮጌ ፎልስ ባለቤት ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ፓራውልቱን እየፈታ ክሮሙን ለማስለቀቅ ጓሮ በመግባቱ፤ ጎረቤቶችም ከሽታው የተነሳ ያሰጡትን ልብስ ሳይደርቅ ለማንሳት በመገደዳቸው፤ የግቢው ነዋሪዎች ጉባኤ የሚከተለውን አውጇል።

በዚህ አዋጅ ውስጥ የቃሉ አግባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «ክሮም» ማለት ከላይ ያለችው ሰማያዊ ወዝ ያላት ስስ ቆዳ ብቻ ናት። ውፍረቷ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ማይክሮን አይበልጥም፤ የሰው ፀጉር መቶ እጥፍ ያህል ይበልጣታል። ከሥሯ ወፈር ያለ ኒኬል፣ ከኒኬሉም ሥር ብዙ ጊዜ መዳብ አለ። ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው በዋናነት ኒኬሉ ስለሆነ፣ «ፓራውልቴ ዛገ» ባይ ክሮሟን ከመክሰሱ በፊት ኒኬሉን ይጠይቅ።

«የጓሮ መካኒክ» ማለት አንድ ቪዲዮ ያየ፣ ባልዲ ያለውና ጓንት የሌለው ሰው ነው። በወንድ ጾታ የተገለጸው ሴትንም ያካትታል፤ እስካሁን ግን አንዲትም ሴት አልተከሰሰችም።

ማንኛውም የጓሮ መካኒክ ዕቃውን ፈሳሽ ውስጥ ከመንከሩ በፊት ማግኔት ያስጠጋ። ማግኔቱ ካልያዘ ዕቃው ተራ ብረት አይደለም። የድሮ መኪና በር እጀታና አርማ በአብዛኛው ዚንክ ነው፤ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ሲገባ ክሮሙ ይለቅና እጀታውም አብሮ ይሄዳል። የአሉሚኒየም ቸርኬን ደግሞ ኮስቲክ ሶዳ ይበላዋል። የአዲሶቹ መኪኖች የፊት ፍርግርግ በአብዛኛው ፕላስቲክ ስለሆነ በዚህ አዋጅ ከመታየት ነፃ ነው።

ማግኔቱ ቢይዝም ደስታው አይቸኩል። የአሲዱ ትነት ሳንባን አቃጥሎ፣ መደርደሪያ ላይ ያሉትን መፍቻዎች ሁሉ ያዝጋል። ኮስቲክ ሶዳ በጥብጦ የባትሪ ቻርጀር የሚሰካው ብልህ ደግሞ ውሃው ቢጫ ሲሆንለት ሥራው የሰመረ ይመስለዋል። ቢጫው ግን ካንሰር አምጪነቱ የተረጋገጠው ባለስድስት ቫለንሲ ክሮሚየም ነው።

ለጉባኤው የቀረበው ማስረጃ ከካሊፎርኒያዋ ሂንክሊ የመጣ ነው። ፒጂኤንድኢ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1966 ይኸው ክሮሚየም ያለበትን የማቀዝቀዣ ውሃ ሽፋን በሌላቸው ኩሬዎች ሲደፋ ኖሮ የከርሰ ምድሩን ውሃ በከለ፤ በ1996ም ለነዋሪዎች 333 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የመካኒካችን ባልዲ ከዚያ ኩሬ እጅግ ያንሳል፤ የሚደፋበት ቦይ ግን በጎረቤት ጎመን ሥር ያልፋል።

የተፈቀደው ይህ ነው፦ ዓላማው ቀለም መቀባት ከሆነ ክሮሙን ሙልጭ አድርጎ ማንሳት አያስፈልግም። የተላጠው ጠርዝ እንደ ምላጭ ስለሚቆርጥ ጓንት ይጠለቅ፤ ማስክ ተደርጎ፣ አቧራው እንዳይነሳ ውሃ በተነከረ ብርጭቆ ወረቀት ጠርዙ በጣት ሲዳሰስ እስከማይታወቅ፣ ቀሪውም አንፀባራቂነቱን እስኪያጣ ይፈግፈግ፤ ከዚያ ኤፖክሲ ፕራይመር ይቀባ። ዕቃውን እንደገና ክሮም ማስነከር የፈለገ አሮጌውንም ክሮም እዚያው ባለሙያ ዘንድ ያስለቅቅ።

የመሸጋገሪያ ድንጋጌ፦ አዋጁ ከመውጣቱ በፊት የተጠራቀመ ፈሳሽ መፍላቱን ካቆመ በኋላ ጀሪካን ውስጥ ገብቶ «መርዝ» ተብሎ ይጻፍበት። ቦይ ውስጥ መድፋትም ሆነ በለስላሳ ጠርሙስ ማስቀመጥ ክልክል ነው። የፎልሱ ባለቤት ቅሬታ ካለው በአሥር ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያቅርብ፤ ጣቶቹ እስክሪብቶ መያዝ ካልቻሉ በቃል ይፈቀድለታል።