ዳገቱን ለእኔ ተወው

ጊዮርጊስ ታክሲ መያዣው ጋ ብስክሌት ይዞ የቆመ ሰው የሰፈሩን ምላስ ሳይቀምስ አያልፍም።

«አባቴ፣ ልጅነትህ አልለቀቀህም እንዴ?»
«ጤናዬም አልለቀቀኝም!»
«መኪና መግዣ አጠረህ?»
«ያጠረው መንገዱ ነው፤ መኪናህ ቆሞበታል።»
«ዝናብ ሲመጣስ ምን ልትሆን ነው?»
«ታክሲህን ተሰልፎ የሚጠብቀው ሰው የሚሆነውን!»

ተረቡን እወደዋለሁ፤ አራዳ ያለ ተረብ ምኑን አራዳ ሆነ? ግን ስንቱ ጎበዝ መልስ እያጣ ከፔዳሉ ወርዷል። እንግዲያው መልሱን እኔ ልያዝለት።

የተረቡ ሁሉ አለቃ ዳገት ነው። «ከለገሃር ተነስተህ ቸርችልን ስትወጣ ማዘጋጃ ቤት በር ላይ አምቡላንስ ይቀበልሃል» ይሉኛል። ዳገቱ እውነት ነው፤ ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ትንፋሽ ታስከፍላለች። እኔን ግን የሚያስከፍለኝ ስወጣ ብቻ ነው፤ ታክሲው ስወጣም ስወርድም ያስከፍለኛል። ቀላሉን ማርሽ አስገብቶ ቀስ ማለት ነው፤ ካቃተም ወርዶ መግፋት ነውር የለበትም። ደግሞስ ዳገት ለእኛ መች አዲስ ሆነ? ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሄድ ሜልቦርን ላይ ያሰለፈችው ሯጮችን ብቻ አልነበረም፤ እነ ገረመው ደንቦባ ብስክሌት ጋልበውላታል። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ፒሬኔና አልፕስ ላይ ፔዳል የረገጠ ልጅ ያላት አገር በቸርችል ዳገት አታሳብብም።

«ሳይክል እኮ የድሃ ነው!» ባሕር ዳር ሄደህ ይህን በላቸው። መምህሩም ተማሪውም፣ ገበያተኛውም በዘንባባው ሥር ሲጋልብ ያደገበት ከተማ ነው። ኮፐንሃገንም መኪና መግዣ አጥታ አይደለም ሥራ በብስክሌት የምትገባው።

«እኔ ጂም እሠራለሁ።» ይበል! ግን ከፍለህ የምትጋልበው የቆመ ብስክሌት ነው፤ የእኔው ቢሮ ያደርሰኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በደርሶ መልስ በቀን 30 ደቂቃ የጋለበ ሰው በአምስት የሥራ ቀን ሞላው ማለት ነው፤ ያውም ነዳጅ ሳያቃጥል፣ የማንንም ሳንባ ጭስ ሳያጠጣ።

«ሴት ልጅ በሳይክል?» አዎ፣ ሴት ልጅ በሳይክል! ሲመሽ ታክሲ ጥበቃ ጨለማ ውስጥ ከምትቆም በራሷ ሰዓት ብትሄድ ምንህ ተነካ?

«መንገዱ የታለ?» የሚለው ድሮ አፍ ያስይዝ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ፒያሳንና አራት ኪሎን የብስክሌት መስመር ሰጥቷቸዋል። መስመሩ ግን የሚያገለግለው ሰው ሲጋልብበት ነው እንጂ ሞተር ሲቆምበት አይደለም። ከሠራተኛ ሰፈር የምትነሳ ተማሪም መስመሩ ጋ እስክትደርስ ከመኪና ጋር መጋፋት የለባትም፤ ወደ ሰፈር ውስጥ ይግባላት። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ በዚህ ከተማ መኪና ከሚገድላቸው ሰዎች የሚበዙት እግረኞች ናቸው፣ ብስክሌተኛም ከመኪና የሚከልለው ብረት የለውም።

አንድ ተረበኛ ብቻ ምላሴን አሰረው። «መድረሱንስ ደረስክ፤ የት ታስረዋለህ?» አለኝ። ልክ ነው። ለመኪና ምድር ቤት የሚቆፍር ባለ ፎቅ፣ ለብስክሌት ግድግዳው ጥግ ላይ አንድ የብረት ማሰሪያ ይትከል። ቢሮዎችም፣ ባንኮችም፣ ካፌዎችም እንደዚሁ። ዘበኛውም «ከዚህ አንሳ!» ማለቱን ትቶ «እዚህ እሰረው» ይበለን።