ሐተታ ዘማድ ቤት

አበው «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ሲሉ የተናገሩት ቃል ስለ ጣዕም የተሰጠ ብይን እንጂ ስለ ዕቃ ማኖሪያ የተሰጠ ብይን አለመሆኑን አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል፤ በአዲስ አበባ፣ ይልቁንም በኮንዶሚኒየም ቤቶች ውስጥ፣ ማድ ቤቱን የሚያሳድስ ሰው አናጢ የሚጠራው የወጡን መጣፈጥ ሽቶ ሳይሆን ድስቱን የሚያኖርበት ስፍራ አጥቶ በመሆኑ፣ ተረቱ በእርሱ ላይ ሊጠቀስበት አይገባም። ሊቃውንትም ስለ ቅኔና ስለ ዜማ፣ ስለ ነገሥታት ዜና መዋዕልም ብዙ ሲደክሙ ከሲንኩ በታች ያለውን ሥርዓት ለመመርመር ጐንበስ ሳይሉ ስለቀሩ፣ ይህን ታናሽ ሐተታ ለመጻፍ ተገድደናል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1926 ማርጋሬቴ ሹተ ሊሆትስኪ የተባለች የቪየና ተወላጅ አርክቴክት ለፍራንክፈርት ከተማ አዳዲስ ቤቶች ወርዱ 1.9፣ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ገደማ የሆነ ማድ ቤት ስትነድፍ፣ ባለቤቲቱ ከምድጃ ወደ ገበታ የምትመላለስበትን እርምጃ እስከ መቁጠር ደርሳ፣ ለሩዙም ለስኳሩም ስሙ የተጻፈበት የአሉሚኒየም መሳቢያ መደበች፤ ለዱቄቱ ግን ተባይ እንዳይደፍረው መሳቢያውን በኦክ እንጨት አሠራችለት። ሁሉን ያሰበች ይህች ሊቅ ምጣድን ብቻ አላሰበችም፤ የፍራንክፈርት ሰው እንጀራ ስለማይጋግር አትነቀፍበትም።

የምጣድ ነገር ግን በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የካቢኔው አንድ ክፍልም በውጭ ሲለካ 60 ስለሆነ፣ ሁለቱ በአሳብ ደረጃ ፍጹም ይስማማሉ። ዳሩ ግን የካቢኔው ሁለት ጎኖች እያንዳንዳቸው 1.8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ኤምዲኤፍ ስለሚሠሩ ውስጡ 56.4 ብቻ ሆኖ ይቀራል። እኛ ቤት የመጣው አናጢ ይህን ሦስት ጊዜ ለክቶ ካረጋገጠ በኋላ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አንሥቶ «እትዬ፣ ከምጣዱ ላይ ትንሽ ቢነሳለት ምን ይለዋል?» ሲል የቤታችንን እመቤት ጠየቀ። ኮንዶሚኒየሞቹን የነደፉ ሰዎች ይህን አስቀድመው ያወቁ ይመስላል፤ እንጀራ የሚጋገርበትና በግ የሚታረድበት የጋራ ቤት በግቢው ውስጥ ለብቻው ሠርተው ነበርና። እኛ ግን ከሦስተኛ ፎቅ ሊጥ ተሸክሞ መውረድ ስላልሆነልን፣ ምጣዱ ከነአክንባሎው በረንዳ ላይ ቀረ።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። የማድ ቤት ዕቃ በሦስት ነገድ ይከፈላል። የመጀመሪያው በየቀኑ የሚሠራበት ነው፤ ድስቱ፣ ማማሰያው፣ ጀበናው ታጥቦ ሳይደርቅ እንደገና ስለሚፈለግ ካቢኔ የሚባለውን ነገር ደጁን እንኳ አያውቀውም። ሁለተኛው ለእንግዳ የተጠበቀው የሠርግ ስጦታ ብርጭቆና ሳህን ሲሆን፣ ከነካርቶኑ ስለሚኖር ስለ እርሱ የሚባል የለም። ሦስተኛው «አንድ ቀን ይሆናል» የሚባለው ነው፤ እድሳት ሁሉ፣ ባለቤቶቹ ቢክዱም፣ የሚደረገው ለዚህ ነገድ ነው። በዚህም ውስጥ የወተት ዱቄት ጣሳ፣ ባዶ ሃይላንድ፣ የዘይት ጀሪካንና ፌስታል ይገኛሉ። የፊተኞቹን የሦስቱን ነገር ለሌላ ጊዜ እናቆየውና ስለ ፌስታል እንናገር።

ፌስታል ማዕረግ አለው። ታናሹ ከአትክልት ተራ ቲማቲም ይዞ የሚመጣው ስሱ ሲሆን፣ ደረጃው ላይ ቢቀደድም ተቋጥሮ ያገለግላል። ከእርሱ በላይ እጀታ ያለው ወፍራሙ አለ፤ ይህ በኦሞ ታጥቦ፣ ከሸሚዝና ከካልሲ ጋር በገመድ ላይ ተሰጥቶ፣ ደርቆ ወደ ሥራው ይመለሳል። ከሁሉ በላይ ያለው ግን ዘመድ ከጂዳ ስጦታ ይዞበት የመጣው፣ የሱቁ ስም በወርቅ ቀለም የታተመበት ነው፤ ማዕረጉ ከሥራ ሁሉ ነጻ ስለሚያደርገው በአራት ታጥፎ ይኖራል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ለሆነ ፌስታል የማምረትም ሆነ የማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ሲደነግግ መለኪያ አስፈልጎት ነበር፤ የቤታችን እመቤት ግን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል አንድ ጊዜ አሽታ «ይሄ ይቆያል» ስትል ብይኑ ይግባኝ የለውም።

እነዚህን ሁሉ በማኅፀኑ የተሸከመው እመ ፌስታላት ይባላል። የብራና መጽሐፍ በማኅደሩ ሆኖ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እንደሚንጠለጠል፣ እርሱም ከማድ ቤቱ በር ኋላ በሚስማር ላይ ይንጠለጠላል። ተመዝኖ ባያውቅም በሩ ከተከፈተ በኋላ ተመልሶ ስለሚገጨን ክብደቱን እናውቃለን። ከውስጡ አንድ ሲስቡ ሰባት ተከታትለው ይወጣሉ፤ ሰባቱን መልሶ ሲጠቀጥቁ የተፈለገው አብሮ ይገባል።

እድሳቱ ይህን ሊሽር ታስቦ ነበር። አናጢው በትእዛዝ ጥልቅ መሳቢያ ሠራ፤ እመ ፌስታላትም ከሚስማሩ ወርዶ በክብር ገባበት፤ ጥቂት ሳምንት እንዳለፈም የአንዱ እጀታ በመሳቢያው ሐዲድ ውስጥ ተጠላልፎ መሳቢያው አልከፈት አለ። ወዲያው በመሳቢያው እጀታ ላይ አዲስ እመ ፌስታላት ተንጠለጠለ። ጣሳውንና ጀሪካኑን ለቆራሌው እንስጥ የሚል አሳብ አቅርቤ ነበር፤ አሳቡም፣ ስለ ቀሩት ሦስት ዕቃዎች ልጽፍ ያሰብሁትም በዚያው ቀን ቀሩ።

አናጢው መሳቢያውን ሊያቀና ተመልሶ ሲመጣ «እትዬ፣ የምስማር መያዣ አንድ ፌስታል ይስጡኝ» አለ። እርሷም መሳቢያውን በጉልበት አስከፍታ ብዙ መረመረች፤ ይህ ለዳቦ ይሆናል፣ ያ የጂዳው ነው፣ ያኛው ገና አልደረቀም፣ ስሱንማ ምስማር ይበሳዋል እያለች አንድም ሳታወጣ ዘጋችው። አናጢው ከኮቱ ኪስ የራሱን አወጣ፤ ሰማያዊ፣ ወፍራም፣ እጀታው ያልላላ። ጠርዙን አሸት አድርጋ «ከየት አገኘኸው?» አለችው። ምስማሩ ሲያልቅ ባዶውን ትቶላት እንዲሄድ ተስማሙ።