ግራ ቀኝ የማያውቅ መንጋጋ

ከአዋሽ ቆላ ሽቅብ የወጣ አንድ ያረጀ አንበሳ በደጋ ሰው አውድማ ጥግ ሞቶ ቀረ። አሞራና ጉንዳን የራስ ቅሉን ብቻ አስተረፉት። ከወራት በኋላ አንዲት አሮጊት ሲያማት የሰነበተውን መንጋጋ ጥርሷን አስነቅላ ወረወረችው፤ ሄዶ ከአንበሳው አገጭ ሥር አረፈ።

«እንደምን አደሩ እትዬ?» አለ የአንበሳው መንጋጋ። «አናትዎ እንዲህ የተላጠው ምን አግኝቶት ነው?»

«60 ዓመት ቆሎ ፈጭቼበት ነው አያ። ልጅቱ 6 ዓመት ገደማ ሲሆናት፣ ከወተት ጥርሶቿ ኋላ፣ ማንም በማያየኝ ጨለማ ነው የበቀልኩት። አንተስ? መንጋጋ ነኝ ትላለህ፤ እኔ የማየው ግን ቢላዋ ነው።»

«ቢላዋም ነኝ። የኛ አገር 30 ጥርስ ነው። የሚከበረው ክራንቻ ነበር፤ አንቆ የሚጥለው እሱ፣ ጌታችን ሲያዛጋ የሚታየው እሱ። የጥንት አያቶቼ ከስለታቸው ኋላ መፍጫ ነበራቸው አሉ። ቀስ በቀስ ሁሉም ወደ ስለት ዞረ። ከላይኛው ባልንጀራዬ ጋር እንደ መቀስ እየገጠምን ሥጋ እንቆርጣለን። ከሱ ኋላ አንዲት ሚጢጢ መንጋጋ አለች፤ ከፈጪው ዘር የተረፈችው እሷ ናት። ሥራ የላት፣ ጠያቂ የላት።»

«ማላመጡንስ ማን ይሠራዋል?»

«ማንም። ቆርጦ መዋጥ ነው። መንጋጋችን ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ወደ ጎን አይሄድም።»

አሮጊቷ ጥርስ ዝም አለች። ቆይታ፣ «ግራ ቀኙን ሳታዩ ትውጣላችሁ በለኛ» አለች። «በኛ አገር አንዲት የገብስ ፍሬ እንኳ ሳትመረመር አታልፍም። የፊት ጥርስ ይቀበላል፣ ምላስ ወደኛ ያቀብላል፣ ስታመልጠን ጉንጭ ይመልሳታል። በግራ እንሞክራታለን፣ በቀኝ እንሞክራታለን። ምራቅ ሲገባባት ድርቅናዋ ይለቃል፤ ከታገሥናት ደግሞ ትጣፍጣለች።»

«የታደለ አገር ነው።»

«አይደለም አያ፣ እሱን እንኳ አትበለኝ። መፋቂያ የሚደርሰው ለሚስቁት የፊት ጥርሶች ነው። እኛ ስርጉዳችን ውስጥ ስኳር ታቁሮ ያድራል፤ የሚያስታውሱን ሌሊት እንቅልፍ የነሳናቸው ዕለት ነው። የመጨረሻ ልጆቻችን ደግሞ ከ17 ዓመት ወዲያ ሲመጡ ብዙዎቹ ቦታ ያጣሉ። ተጋድመው ጎረቤታቸውን ሲገፉ ረባሽ ይባላሉ። መቀመጫ ማን ነሳቸው ብሎ የጠየቀ ግን አልሰማሁም።»

ይህን ስትል ድምጿ ተሰበረ። ተረቱን በሰማሁ ቁጥር እዚህ ላይ እኔም እቆማለሁ፤ የማውቃቸው ልጆች ፊታቸው ይመጣብኛል።

«ጌታህስ በምን ሞተ?» አለች ቆይታ።

«ክራንቻው ተሰበረ። መጣል አቃተው። እዚህ ደርሶ ሲወድቅ አውድማው በገብስ ተሞልቶ ነበር። አሸተተው። እኛን አየን። ከ30ዎቻችን አንዲት ፍሬ የሚፈጭለት ጠፋ። 3 ቀን ከእህሉ አጠገብ ተኝቶ በራብ ሞተ።»

ከአሮጊቷ ቤት የድንጋይ ድምፅ ተሰማ፤ ሄድ መለስ፣ ሄድ መለስ የሚል።

«ምንድን ነው እሱ እትዬ?»

«ወፍጮ ነው። እኔ ከተነቀልኩ ወዲህ እናትየዋ ቆሎ አይሆንላትም። ልጇ በሶ እየፈጨችላት ነው።»

ስለቱ መጁ እስኪቆም ድረስ አዳመጠ።