አሥሯ ደቂቃ

የሕንፃ ሠራተኛ በየአራት ሰዓቱ አሥር ደቂቃ እንዲያርፍና ውሃ እንዲጠጣ የቴክሳሷ ኦስቲን በ2010 እ.ኤ.አ.፣ ዳላስ ደግሞ በ2015 ደንብ አውጥተው ነበር። አገረ ገዥው ግሬግ አቦት በጁን 2023፣ ግዛቱ በሙቀት ሲነድድ፣ እንዲህ ያሉ የከተማ ደንቦችን የሚሽር ሕግ ፈረሙ። ከዚያ ወዲህ የወረደባቸው ወቀሳ ብዙ ነው። የሚሟገትላቸው ሰው ስለጠፋ እኔ ተነሥቻለሁ።

የሕጉ ደጋፊዎች ነጋዴ ከከተማ ከተማ በተሻገረ ቁጥር ሌላ ደንብ ሊጠብቀው አይገባም ይላሉ። ልክ ናቸው። ኦስቲን ላይ ውሃ ጠጥቶ ሂዩስተን ላይ የሚጠማ ሠራተኛ ግራ መጋባቱ አይቀርም ነበር። አሁን የትም ቢሄድ እኩል ይጠማል።

ደግሞስ የምን ውሃ? ላብ ገላን የሚያቀዘቅዘው ሲተን ነው። እንደ ሂዩስተን ባለ ወበቃም ከተማ አየሩ ራሱ በእርጥበት ስለሚጠግብ ላቡ መሄጃ አጥቶ ገላው ላይ ይቀራል፤ የውስጥ ሙቀት ይጨምራል፣ ልብ ይደክማል፣ ኩላሊት ይጎዳል። ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ውሃ የሆነ ሰው «ውሃ አምጡ» ሲል ዳኛ ምን ይበል?

ብክነቱም አለ። ከፒክአፑ ኋላ ወደተቀመጠችው ብርቱካናማ የውሃ በርሜል ሄዶ፣ በወረቀት ኩባያ ሦስቴ ቀድቶ፣ ሦስተኛውን ማጅራቱ ላይ የሚደፋ ሠራተኛ አለ። ይህ መጠጣት ነው? በስምንት ሰዓት ሥራ ሃያ ደቂቃ እንዲህ ፈሰሰ ማለት ነው።

እርግጥ ሕጉ ውሃ መጠጣትን አልከለከለም። አሠሪው ከፈቀደ ይጠጣል። ጥማቱ የሠራተኛው፣ ውሳኔው የአሠሪው፤ የሥራ ክፍፍል ይሉሃል እንዲህ ነው። ፍሎሪዳም ነገሩ ገብቷት ከጁላይ 2024 ጀምሮ ከተሞቿና ካውንቲዎቿ የራሳቸውን የሙቀት መከላከያ ደንብ በአሠሪዎች ላይ እንዳይጥሉ ከልክላለች።

የቴክሳስ ምክር ቤት መደበኛ ጉባኤ በየሁለት ዓመቱ በጃንዋሪ ተጀምሮ ሜይ ሳያልቅ ወይም እንዳለቀ ይበተናል። ስለ ሙቀት በረጋ መንፈስ ለመምከር ከዚህ የተሻለ ወቅት አይገኝም። ለሚቀጥለው ጉባኤ አንድ ትሁት ማመልከቻ አለኝ፦ አንዱ ሰፈር ዛፍ በዛፍ ሲሆን ሌላው አስፋልት ብቻ ነው። ጥላውም አንድ ወጥ ይደረግልን፤ ዛፍ መትከል ወጪ ከሆነም መጋዝ እንደሆነ ርካሽ ነው።