ያልተጋለቡ ፈረሶች ውዳሴ

ፈርዲናንድ ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የነደፈው ቮልስዋገን፣ እኛ ቮልስ ብለን የለመድነው ያ ድንቡሽ ያለ መኪና፣ ጉልበቱ ከ25 ፈረስ አይበልጥም ነበር። በዚያችው ጉልበት ግን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ቤተሰብ ይጭናል፤ ዳገት ይወጣል። ከ70 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2005፣ የፖርሽ የልጅ ልጅ ፈርዲናንድ ፒየሽ በዚሁ ኩባንያ ጥላ ሥር 1,001 የፈረስ ጉልበት ያለውን ቡጋቲ ቬይሮን ለገበያ አበቃ። አያት የሚበቃውን ሠራ፤ የልጅ ልጅ የማያስፈልገውን ሠራ። ምስጋና የሚገባው ለማን ነው ቢሉኝ ያለማመንታት ለልጅ ልጁ እላለሁ። የሚበቃውን መሥራት ለችግር መልስ መስጠት ነው፤ ችግሩ ያስገድዳል። የማያስፈልገውን እንዲሠራ ፒየሽን ያስገደደው ማንም አልነበረም።

ሐሳቡ የተጠነሰሰው በ1997 በጃፓን ፈጣን ባቡር ውስጥ፣ በፖስታ ጀርባ ላይ በተጫረ ንድፍ ነው። ለመሐንዲሶቹ የተሰጠው ትእዛዝም አጭር ነበር፦ ከ1,000 የፈረስ ጉልበት በላይ፣ በሰዓት ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከቆመበት ተነስቶ 100 ለመድረስ ከ3 ሰከንድ በታች፤ በዚያው መኪና ደግሞ ማታ ሱፍ ለብሶ ኦፔራ ቤት መሄድ ይቻል። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ 400ው ነው። የኔ ልብ ያለው ኦፔራው ጋ ነው። 1,000 ጉልበት ያለው የውድድር መኪና ቀድሞም ነበረ፤ እዚያ ግን ጉልበቱ ሥራ አለው፤ ዙር ይቆጠርለታል፤ ዋንጫ ያመጣል። የፒየሽ ድፍረት ያንን ሁሉ ጉልበት ሥራ ወደሌለበት ቦታ፣ ወደ ትራፊክ መብራትና ወደ ፓርኪንግ፣ ይዞት መምጣቱ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። አንድ መኪና በደልዳላ አስፋልት ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር፣ ሳይፈጥን ሳይዘገይ ለመሄድ የሚያስፈልገው 20 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። አየሩን ለመግፋትና ጎማውን ለማንከባለል ይኸው ይበቃል። የቬይሮን ተተኪ ሺሮን በ2016 ሲወጣ 1,500 ጉልበት ነበረው። እንግዲህ ባለቤቱ ቁርሱን በልቶ ወደ ቢሮው ሲሄድ 20ዎቹ ፈረሶች ይጎትታሉ፤ 1,480ዎቹ አብረው ይሄዳሉ።

ይህ ብክነት ነው የሚል ሰው የፈረስ ጉልበት የሚባለው መለኪያ ከየት እንደመጣ ያስታውስ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምስ ዋት የእንፋሎት ሞተሩን ሊሸጥ የፈለገው በፈረስ ለሚሠሩ ሰዎች ነበር። ስለዚህ ሞተሩ የስንት ፈረስ ሥራ እንደሚሠራ በቋንቋቸው ነገራቸው፤ ዛሬ በአውሮፓ በሚሠራበት ስሌት አንድ የፈረስ ጉልበት ማለት 75 ኪሎ ግራም በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ማንሳት ነው። መለኪያው የተወለደው ገዢው ስንት ፈረስ ከጋጣው ማሰናበት እንደሚችል እንዲያሰላ ነው። የሰው ልጅ ከዚያ የስስት ስሌት ተነስቶ፣ ከ200 ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ፣ ሥራ የሌላቸውን ፈረሶች በሺህ እየቆጠረ እስከማኖር መድረሱ እድገት ካልተባለ እድገት የሚባለው ምን እንደሆነ አላውቅም።

ደግሞስ ከሥራ ፈት ፈረስ ማን ነፃ አለ? ፈረንሳይ ውስጥ የሚገጣጠመው ትንሹ ቶዮታ ያሪስ ሃይብሪድ 116 የፈረስ ጉልበት አለው። እሱም በ100 ሲጓዝ የሚፈልገው ያችኑ 20 ገደማ ናት። ከ90 በላይ ፈረሶች እሱም ጋ ያለ ሥራ ይጓዛሉ። መቅደም ሲያስፈልግ፣ ዳገት ሲመጣ ብሎ ሰበብ ይሰጥላቸዋል እንጂ ኑሯቸው ያው ነው። የሺሮን ገዢ ሰበብ አያቀርብም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የቁጥር ብቻ ሳይሆን የግልጽነትም ነው፤ ሁለቱም ከሚያስፈልጋቸው በላይ ገዝተዋል፤ አንዱ ግን አላፈረበትም።

አሁን ወደ ዕለት ተዕለቱ መንገድ እንምጣ። ፓሪስ ከ2021 ጀምሮ በአብዛኛው ጎዳናዋ ፍጥነትን በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገድባለች። ሺሮን ከዜሮ 100 ለመድረስ 2.4 ሰከንድ ይበቃዋል። 30ውን ለማለፍ አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላበትም። ሌላው አሽከርካሪ የሕጉ ጣሪያ ላይ ለመድረስ እግሩን ጫን አድርጎ ይጠብቃል፤ የሺሮን ነጂ ገና ሲያስብ ደርሷል፤ የቀረውን ጉዞ ሙሉ ለሙሉ ለትዕግሥት ይሰጠዋል። ትዕግሥት ደግሞ ዋጋ የሚኖረው ሌላ ምርጫ ላለው ሰው ነው። 25 ፈረስ ይዞ በ30 የሚሄድ ሰው የታገሠው ጥቂት ነው፤ 1,500 ይዞ በ30 የሚሄድ ግን በየሜትሩ ራሱን እየገዛ ነው። መነኩሴ በበረሃ የሚያገኘውን ፈተና እሱ በፓሪስ ጎዳና ያገኘዋል።

ከዚያም በላይ ለመኪናው ራሱ ከሁሉ የሚስማማው የከተማ ኑሮ ነው። ቬይሮን በሙሉ ፍጥነቱ፣ በሰዓት 407 ኪሎ ሜትር፣ ቢነዳ 100 ሊትር የሚይዘው ታንኩ በ12 ደቂቃ ያህል ባዶ ይሆናል። ጎማዎቹ በዚያ ፍጥነት 15 ደቂቃ ቢቆዩ ነው። ነዳጁ ከጎማው ቀድሞ ማለቁ የጥንቃቄ ንድፍ ይመስላል፤ ያም ሆነ ይህ ለነጂው መልካም ዜና ነው። ሞተሩ ለጎማ 1,000 ፈረስ ሲያደርስ ከዚያ እጥፍ የሚሆነው ጉልበት በሙቀት መልክ ይወጣል፤ እሱን ለማብረድ አሥር ራዲያተሮች ተደርድረዋል። በከተማ ግን ሺሮን ለ100 ኪሎ ሜትር የሚጠጣው 35 ሊትር ገደማ ነው፤ አንድ ታንክ ከ280 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዳል። ለሥራና ለገበያ የሳምንት መንገድ ነው። ጎማውም ከ15 ደቂቃ እጅግ በላይ ይቆያል። ይህን መኪና በአቅሙ ልክ የነዳው ሰው ከሩብ ሰዓት በላይ አይኖረውም፤ ከአቅሙ በታች የነዳው ዕድሜ ልኩን ይኖረዋል።

ስለ ሁለተኛው ቁልፍ ካልተናገርኩ ግን ምስጋናዬ ጎዶሎ ይሆናል። ቬይሮን በተራው ቁልፍ በ375 ኪሎ ሜትር ይገደባል። ከዚያ በላይ የፈለገ መኪናውን ያቆማል፤ ከነጂው ወንበር በስተግራ ባለው ቀዳዳ ሁለተኛ ቁልፍ ይሰካል፤ መኪናው ራሱን ይመረምራል፤ ሁሉ ደህና ከሆነ ወደ መሬት ዝቅ ይላል፤ የኋላ ክንፉን ይሰበስባል። ይህ ሁሉ የሚደረገው የት ነው? ቮልስዋገን በኤራ ሌሲየን ያለው የሙከራ ጎዳና 9 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ቀጥ ያለ መስመር አለው፤ በ2019 የሙከራ ነጂው አንዲ ዋላስ የተሻሻለውን ሺሮን በሰዓት 490.484 ኪሎ ሜትር ያደረሰው እዚያ ነው። ጎዳናው የኩባንያው ነው። በ2021 አንድ የቼክ ባለሀብት በጀርመን ኤ2 አውቶባን ላይ በሺሮኑ 417 ሲነዳ የተቀረጸው ቪዲዮ ወጥቶ ዓቃቤ ሕግ ምርመራ ከፍቶ ነበር፤ ገደብ የሌለበት ክፍል ነውና ጉዳዩ ተዘጋ። ከእንዲህ ያለው አጋጣሚ ውጭ የሁለተኛው ቁልፍ ቦታ መሳቢያ ነው። እኔ ከመኪናው ክፍሎች ሁሉ እሱን አስበልጣለሁ። በየቤቱ መሳቢያ የተኛ ቁልፍ ሞልቷል፤ ግን የማን ቁልፍ ነው ከ375 በላይ የሚከፍት?

የድሮ ጌታ መንገድ ሲወጣ ከፊቱ የተጫነ በቅሎ ይሳብለት ነበር፤ ከኋላው ጋሻ ያነገበ አጃቢ ይከተለው ነበር። በቅሎው ላይ ማንም አይቀመጥም፤ አጃቢው ወደ ጦርነት አይሄድም። ጌታው ለብቻው ቢሄድም ይደርስ ነበር። ያየው ሰው ሁሉ ግን ማን እንዳለፈ ያውቃል። የሺሮን 1,480 ፈረሶች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ በቁጥር ደግሞ ብዙ መኳንንት ካገኙት አጃቢ ይበልጣሉ፤ አይራቡም፣ አያጉረመርሙም፣ ርስት አይጠይቁም። እኛ ጋ ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ። ቡጋቲ ደግሞ ፈረሱን በጋላቢ ስም ይጠራል፤ ፒየር ቬይሮን በ1939 የለማን አሸናፊ ነው፤ ሉዊ ሺሮን በ1931 ሞናኮ ላይ ያሸነፈ ነው። ሁለቱም በቡጋቲ ነው ያሸነፉት። ዛሬ በስማቸው የሚጠሩት መኪናዎች ከኦፔራ ቤት ይመለሳሉ።

ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ዱባይ ይህን ከገባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ፖሊሷ ቬይሮን አለው፤ በሥራ ላይ ካሉ የፖሊስ መኪናዎች ሁሉ ፈጣኑ ተብሎ በጊነስ ተመዝግቧል። ስሙ የወጣው ግን ሌባ በማባረር አይደለም፤ ቱሪስት በሚበዛበት ቦታ ቆሞ ሰው ፎቶ ሲነሳበት ነው።

በዚህ ነገር ላይ እጅግ ልቤን የነካው ግን የቻይና መኪና ገዢዎች አቋም ነው። ስልክ ሠሪው ሻዮሚ በ2025 ባለ አራት በር የቤተሰብ መኪና መልክ ያለው፣ 1,548 የፈረስ ጉልበት ያለው የኤሌክትሪክ መኪና መሸጥ ጀመረ፤ ዋጋው 529,900 ዩዋን ነበር፤ ከ2.4 ሚሊዮን ዩሮው ሺሮን ጋር ሲተያይ የነፃ ያህል ነው። በዚያው ዓመት ኩባንያው በሶፍትዌር ማሻሻያ ጉልበቱን ወደ 900 ገደማ ዝቅ አደረገው፤ ቀሪውን የፈለገ በውድድር ሜዳ ላይ ብቃቱን በሰዓት አስመዝግቦ ያስከፍት አለ። ሐሳቡ የደህንነት ነበር። ገዢዎቹ ተቆጡ። ልጅ ትምህርት ቤት ለማድረስ 900 ፈረስ አላነሳቸውም፤ ሜዳ ገብቶ መወዳደርም የብዙዎቹ ሐሳብ አልነበረም። የጠየቁት የማይጋልቧቸው 648 ፈረሶች እንዲመለሱላቸው ነው። ኩባንያውም ማሻሻያውን አቆመ። ሰው ለሚጠቀምበት ነገር መቆጣቱ የተለመደ ነው፤ ለማይጠቀምበት መቆጣት ግን ንጹሕ ፍቅር ነው።

ቡጋቲ በ2024 ያሳየው ቱርቢዮን ደግሞ መንገዱን እስከ ጫፍ ወስዶታል። ጉልበቱ 1,800 ፈረስ ነው፤ 1,000ው ከ8.3 ሊትር ባለ 16 ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር፣ 800ው ከሦስት የኤሌክትሪክ ሞተሮች። ዋጋው ያኔ ከ3.6 ሚሊዮን ዩሮ ይጀምር ነበር፤ የሚሠራውም 250 ብቻ ነው። በባትሪው ብቻ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ምሳ፣ ከምሳ ቤት ለሚመላለስ ሰው ይህ ከበቂ በላይ ነው። እስካሁን 1,480ው ፈረስ ቢያንስ ሞተሩ ሲዞር አብሮ ይነቃ ነበር። አሁን ባለቤቱ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራው ደርሶ ሲመለስ፣ ይህ ታላቅ የቡጋቲ ሞተር አንዴም ሳይነሳ መክረም ይችላል።